አማት፣ አማችና ሁለት ሳህኖች

ዳቦ ጋጋሪው ቆሞ መተኛት የጀመረው አማቱ ለጉልበታቸው ሕክምና ከመጡ ወዲህ ነው። ዶሮ ሳይጮኽ ምድጃ ፊት የሚቆም ሰው እንቅልፉን የሚያገኘው በቀን ነው፤ አልጋው ደግሞ ከነመኝታ ቤቱ ለአማቱ ተለቋል። ለእሱ የደረሰው የሳሎኑ ሶፋ ነው። ሶፋው ከቁመቱ አንድ ክንድ ያጥራል። ጭንቅላቱን ሲያስገባ እግሩ ይወጣል፤ እግሩን ሲሰበስብ ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጁ ደብተሯን ጉልበቱ ላይ ትዘረጋለች።

የአማቱ ጉልበት ከዳነ ሰነባብቷል። በየሳምንቱ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ሳሎን ብቅ ይላሉ።

"በሉ እንግዲህ፣ ወደ ቤቴ ልግባ። አስቸገርኳችሁ።"

ጋጋሪው ከሶፋው ዘሎ ይነሳል። "አፈር ስሆን እማማ! ምን አጎደልንብዎት?" ብሎ ሻንጣውን ነጥቆ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ይመልሰዋል።

"ጠላትህ ምላስህ ነው" ትለዋለች ሚስቱ በኋላ።

"ታዲያ ይሂዱ ልበላቸው?"

"ዝም ማለትም እኮ አለ!"

አንድ እሁድ ልጅቱ ጨቅጭቃ፣ ዕቃውን ሁሉ እየነኩ ወደሚማሩበት የሳይንስ ሙዚየም ቤተሰቡን በሙሉ ወሰደች። የቤት ሰዎች "ለምን" ነው የሚሏት፤ ጥያቄዋ ስለማያልቅ። መጀመሪያ ያገኙት ሰውን የሚያሳጥርና የሚያወፍር መስታወት ነበር። አማቱ ፊቱ ቆመው ራሳቸውን ተመለከቱ።

"ይኸው፣ እናንተ ቤት ተቀምጬ የሆንኩትን እዩ።"

"ያምርብዎታል እማማ" አለ ጋጋሪው፣ ከልማዱ።

በትልቁ አዳራሽ ሁለት ጫፎች ላይ ሰው የሚያህሉ የብረት ሳህኖች ተተክለው ይተያያሉ። በየፊታቸው መቀመጫ አለ። "እዚህ ሹክ ያሉት እዚያ ማዶ ጥርት ብሎ ይሰማል" አለች አስጎብኚዋ። "ድምፁ ሳህኖቹ ላይ ነጥሮ ነው የሚደርሰው።" ይህን ሁሉም ሰማ፤ ምሰሶ ተደግፎ ከተኛው ከጋጋሪው በቀር። "ለምን?" አለች ልጅቱ፤ መልሱንም ሳትጠብቅ አያቷን ጎትታ ወስዳ ማዶ ካለው ሳህን ፊት አስቀመጠቻቸውና ወደ ሌላ ዕቃ በረረች።

ጋጋሪው ሲባንን ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዶ መቀመጫ። ሄዶ ተቀመጠ፤ ግንባሩንም ወደ ሳህኑ ሰደደ።

"አምላኬ" አለ በለሆሳስ። "እማማ ደግ ሰው ናቸው። ክፉ አይንካቸው። ብቻ አልጋዬን... እግሬን ዘርግቼ ልተኛ፤ ሌላ አልለምንህም።"

"ታዲያ ማን ከለከለህ?" አለ ሳህኑ።

ጋጋሪው ደርቆ ቀረ። የሰማይ መልስ እንዲህ ይፈጥናል ብሎ አልጠበቀም፤ ድምፁ የአማቱን ይመስላል ብሎማ ጭራሽ አላሰበም። ቀስ ብሎ ዞረ። ከአዳራሹ ማዶ የአማቱን ጀርባ አየ።

"እማማ... እርስዎ ነዎት?" አለ ወደ ሳህኑ ተመልሶ።

"ማን ልሁን? ዶሮዎቼን ጎረቤት እጅ ጥዬ መጥቻለሁ፤ እንቁላሉን ማን እየበላው እንደሆነ አላጣሁትም። ልሂድ ባልኩ ቁጥር ሻንጣዬን የምትነጥቀኝ አንተ!"

"ይሉኝታ ይዞኝ ነዋ!"

"እኔንስ ምን ይዞኝ መሰለህ? 'ከፍቷት ሄደች' እንዳትል ብዬ እንጂ! ደግሞ ያ ፍራሽህ መሃሉ ጎድጓዳ ነው፤ ጎኔን ጨረሰው።"

ሁለቱም ተነስተው አዳራሹ መሃል ተገናኙ። ጋጋሪው ወለል ወለሉን ያያል። አማቱ ሻርፓቸውን አስር ጊዜ ያስተካክላሉ።

"እንግዲህ ማክሰኞ ልሄድ ነው" አሉ።

"አፈር ስሆን እማማ! ምን አጎደ..."

"ተመለስ ወደ ሳህኑ!" አሉት በጣታቸው እያመለከቱ። ሚስቱ ከምሰሶው ኋላ ሆና አፏን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

ማክሰኞ ሻንጣውን እስከ አውቶቡሱ የተሸከመው ጋጋሪው ነው። በሌላ እጁ ለስንቅ የጋገረላቸውን ዳቦ ይዟል። አማቱ አንድ እግራቸውን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሲያሳርፉ ምላሱ ተላወሰበት፤ "ምናለ ትንሽ ቢቆዩ" ሊል ነው። ሌላ መላ ቢያጣ ዳቦውን ገምሶ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው።

"ጎሽ ልጄ" አሉ አማቱ የተረፈውን እየተቀበሉት። "እንዲህ ነው እንጂ።"

ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወደቀ፤ እግሩንም ዘረጋ። ፍራሹ እውነትም መሃሉ ጎድጓዳ ነው። ጉድጓዱም ልክ በእሱ ቁመት ነው።