ያልወጣቻቸው ፎቆች

ባለሰባት ፎቁን የቢሮ ሕንፃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያጸዳችው እሷ ናት። ሠራተኞቹ «ጄቷ» ይሏታል፤ ባልዲዋን አንጠልጥላ ስትወጣ እግሯ ደረጃውን የሚረግጥ አይመስልም ነበር። ባሏ የዚያው ሕንፃ ጥበቃ ነው።

ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ላይ ጉልበቷን አሟት ክሊኒክ ብትሄድ፣ ደረቷን ያዳመጠችው ነርስ የሰማችው ድምፅ አላማራትምና ወደ ልብ ሐኪም ላከቻት። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየና ከልቧ ደም የሚወጣበት በር ደርቆ ክፉኛ መጥበቡን ነገራት። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ፣ ያዞርዎታል ወይ ብሎም ጠየቃት።

ምንም አይለኝም አለች። ዋሸች። የጎረቤቷ ወንድም ለልብ ቀዶ ጥገና በእግሩ ገብቶ ሬሳው ነበር የወጣው፤ እሱ ከዓይኗ አልጠፋ ብሏት ነው። ባሏም አጠገቧ ተቀምጦ፣ በየቀኑ ሰባት ፎቅ ሽቅብ እየወጣች ነው የምታጸዳው ብሎ አገዛት። ሐኪሙ ሕመሙ ካልተሰማዎት ለጊዜው እንከታተልዎት ብሎ ሸኛቸው።

ከሦስተኛው ፎቅ በላይ መውጣት ካቃታት ግን ከራርሟል። ባሏ ተረኝነቱን ሲጨርስ፣ ሠራተኛ ሳይገባ፣ ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ የቀሩትን አራት ፎቆች ይወለውልላታል። ሥራዋን እንዳታጣ፣ ደረቷም እንዳይቀደድ ብሎ ነው። በየስድስት ወሩ ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እነሱም ያንኑ ይመልሳሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በአራተኛው ቀጠሮ ሐኪሙ እግሯን ሲነካ አብጧል፤ የካልሲዋ ጠርዝ ሥጋዋ ውስጥ ሰርጎ መስመር ሠርቷል። ወዲያው የልብ ኤም አር አይ አዘዘላት። እዚያ ጠባብ ማሽን ውስጥ ተኝታ ትንፋሽ ይያዙ በተባለች ቁጥር መያዝ አቃታት፤ ሦስቴ ደገሙት።

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረ። ጠቁሮ መታየት የነበረበት የልብ ጡንቻ መሃል መሃሉን ነጥቷል።

«ይሄ ጠባሳ ነው» አላት። «ልብዎ በጠበበው በር ደም ሲገፋ የተጎዳበት ነው። በሩን እንቀይረዋለን። ጠባሳው ግን አይለቅም፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ቢሆን ከሌላው ሰው ይልቅ ለእርስዎ ያሰጋል።»

ባሏ ጠባሳው መቼ እንደጀመረ ጠየቀ። ቀኑን ማወቅ አይቻልም፣ ግን ያኔ ድካሟን ብናውቅ ኖሮ በሩን ያኔውኑ እንቀይረው ነበር አለ ሐኪሙ።

«ዶክተር» አለ ባልየው መሬት መሬት እያየ፤ «ያኔም አራተኛ ፎቅ መውጣት አቅቷት ነበር። እኔ ነኝ የማጸዳው።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣው ሳይሻለው አይቀርም ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ «የተጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ አፍ ነበረኝ» አለችው። እሱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሩ ተቀየረላት፤ በአሥራ አንደኛው ቀን በሕይወት ወጣች። ከራስ ማዞሩ ተገላግላለች። ትንፋሿ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ አንሶላ አጥባ ለማስጣት ሁለቴ ትቀመጣለች። ሥራዋን ለቀቀች።

ሐኪሙ በዓመቱ ምስሉ ይደገማል ብሏል። ባሏ ያን ቀን ለሐኪሙ ራሷ እንድትመልስ ውጭ ሆኖ እንደሚጠብቃት ነግሯታል። እሷ ግን ብቻዬን አልገባም ብላዋለች።