ዴልፊያ የማትወደው ንጽሕና

ዴልፊያ ስታምፐር ለምርጫ ስትወዳደር በየግንዱ ላይ የለጠፈችው ወረቀት ስሟን ብቻ ነበር የያዘው። ሌላ ምን ትበል? የሞት መርማሪ ለመሆን ድምፅ የምትለምን ሴት «ለሁላችሁም እደርሳለሁ» ብላ ብትጽፍ ማን ይመርጣታል?

በእኛ በኬንታኪ ተራሮች የወረዳው ሞት መርማሪ እንደ ዳኛውና እንደ ሸሪፉ በሕዝብ ይመረጣል፤ ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም። ዴልፊያም ሐኪም አይደለችም። አባቷ ቀብር አስፈጻሚ ስለነበር ሬሳ እያጠበችና እያለበሰች ያደገች፣ ድምጿ ጎርነን ያለ፣ ሳቋ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ሰው ቤቱ ውስጥ በድንገት ሲሞት ሸሪፉ ይደውልላታል፤ እሷም አሮጌ ፒካፗን አስነሥታ ትሄዳለች።

ከእሷ በፊት የነበረው መርማሪ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ፈጀን። ቤተሰብ እንዳያፍር ብሎ በክኒን የሞተውን ሁሉ «ልቡ ነው» እያለ ይመዘግብ ነበር። በወረቀት ብቻ የሚያውቀን ሰው ብራያር ሸለቆ የልብ በሽታ የሚዘራበትና የሚታጨድበት አገር ይመስለው ነበር። ጤና ቢሮው በምን እንደምናልቅ ስላላወቀ፣ ትንፋሽ የሚመልሰው በአፍንጫ የሚነፋ ማርከሻ ለሌላው ሁሉ ሲታደል እኛን ያልፈን ነበር።

ዴልፊያ ያንን ደግነት አቆመችው። ኪስ ትፈትሻለች፣ ከብልቃጥ ውስጥ የጎደለውን ክኒን ታሰላለች፣ ከሬሳው ደምና ከዓይኑ ውስጥ ፈሳሽ ቀድታ ወደ ላቦራቶሪ ትልካለች። የላቦራቶሪው መልስ ሳምንታት ስለሚፈጅ ግን እሱን አትጠብቅም፤ የጠረጠረችውን በዚያው ቀን ለጤና ቢሮ ትደውላለች። ማርከሻ የጫነው መኪና መጀመሪያ ወደ ሸለቋችን የገባ ቀን በረንዳዋ ላይ ቆማ፣ «በሉ እዩ፣ ድምፃችሁ ገደል አልገባም» አለች። ኮርታ ነበር፤ ኩራቷን የምትደብቅ ሴትም አይደለችም።

የኦሌታ ፉጌት ልጅ ኮልቢ የሞተው በመጸው ነው። ኦሌታ ቁርስ ልታበላው ስትገባ አልጋው ላይ ደርቆ አገኘችው። ዴልፊያ ስትደርስ ቤቱ ጸድቶ ጠበቃት። እኛ ዘንድ ሞት ሲሰማ የጎረቤት ሴቶች የመጀመሪያ ሥራቸው ይህ ነው፤ ለቀስተኛ ስለሚመጣ ሐዘንተኛዋ በተዝረከረከ ቤት መታየት የለባትም። አንሶላው ተቀይሯል፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ የኮልቢ ፊት ታጥቦ ጸጉሩ ተበጥሯል። የራስጌው ጠረጴዛ ላይ አቧራ እንኳ የለም። ዴልፊያ በሞት ቤት የዚህን ያህል የምትጠላው ነገር የለም፤ ደግሞ ማንንም መቆጣት አትችልም፣ እናቷ የሞቱ ጊዜ የእሷንም ቤት ያጸዱት እነዚሁ ሴቶች ናቸው።

የኮልቢን ሱሪ ኪስ ስትፈትሽ ግማሽ ክኒን አገኘች። ሰማያዊ ናት፤ ማኅተሟ ፋርማሲ ከሚሸጠው የሕመም ማስታገሻ አይለይም። ከጫፏ ፍቃ በውኃ በጠበጠችና መመርመሪያ ወረቀቷን ነከረችበት። ፈንታኒል ነው፤ ቅንጣቱ ትንፋሽ የሚያቆም አደንዛዥ። ክኒኗ በማስታገሻ አምሳል የተሠራች ገዳይ ናት፤ እንዲህ ያለች ክኒን ደግሞ ብቻዋን አትገዛም፣ ጓደኞች አሏት።

ወጥ ቤት ገባች። ሴቶቹ ሰሃን ያጥባሉ፣ የበቆሎ ዳቦ ይቆርሳሉ።

«ራስጌው ላይ ምን ነበር?» አለች።

ሴቶቹ ሰሃናቸውን ማጠብ ቀጠሉ።

«ልቡ ነው» አለች ኦሌታ ከወንበሯ ሳትነሣ። «አባቱም በልብ ነው የሞተው።»

ዴልፊያ ነገሩ ገባት። እናቲቱ ልቡ ነው እያለች እዚህ ቤት ክኒን ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው አይኖርም። መድኃኒት የሚጥል ሰውም በዚህ ሸለቆ የለም፤ የከሰል ማዕድኑ ወገቡን የሰበረው ባል በየቤቱ ተኝቷል። ክኒኖቹ ከእነዚህ ከአንዷ ዘንድ ናቸው፤ አንድ ሰው ደግሞ ሊውጣቸው ነው። የኦሌታን ክንድ ይዛ ወደ በረንዳ አወጣቻት።

«ልጄን ሱሰኛ ነበር ብለሽ ልትጽፊው ነው» አለች ኦሌታ።

«ሱሰኛ የሚባል ነገር አልጽፍም። የገደለውን ነው የምጽፈው።»

«የፊተኛው ሰውዬ ቢሆን ያዝንልኝ ነበር።»

«ያዝንልሽ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሌላዋ ያዝንላታል።»

«እኔ እንኳ ድምፄን አልሰጠሁሽም፣ ዴልፊያ።»

«አውቃለሁ። በምርጫው ማግስት ቤተ ክርስቲያን ስታዪኝ ፊትሽ ተናግሯል» አለች ዴልፊያ፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ፣ አብረን ነው የተማርነው። አንዷ ክኒኖቹን ወስዳለች። ልትሰርቅ አይደለም፣ መድኃኒት ሲጣል አንጀቷ አልችል ብሎ ነው። እኔ ብጠይቃት አትነግረኝም፣ አንቺን ማዋረድ ይመስላታል። ካንቺ በቀር አፏን የሚያስከፍታት የለም።»

ኦሌታ ግቢውን አየች። የኮልቢ የሥራ ጫማ ደረጃው ሥር እንደተቀመጠ ነው። ቀሚሷን አስተካክላ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

«ልጄ በልብ አልሞተም» አለች። «በክኒን ነው የሞተው። ማዕድኑ ጀርባውን እስኪሰብረው ድረስ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፣ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ በክኒን ሞተ። የወሰደች ካለች ታምጣ። አልቀየማትም።»

ከባሏ ከአርሊስ ጋር ማዶ ቤት የምትኖረው ጄኒቫ የምታደርቀውን ሰሃን አስቀመጠች።

«ለአርሊስ ነው» አለች። «ሲያቃስት ነው ያደረው። ቅድም ወስጄ ሰጠሁት።»

ዴልፊያ ቀድማ ወጣች፤ ማርከሻው ከኪሷ አይለይም። ማዶ ቤት ስትደርስ አርሊስ ሶፋው ላይ አንገቱ ዘንበል ብሎ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ያንኮራፋል። ማንኮራፋት ግን አልነበረም፤ ስለዚያች ድምፅ ዴልፊያ ከብዙ የሟች ዘመዶች ሰምታለች። «ሲያንኮራፋ ተኝቷል ብለን ተውነው» ይሏታል። አንዱን ነፋችበት። አልነቃም። ጄኒቫ ባሏን በስሙ እየጠራች እግሩ ሥር ተንበረከከች። ዴልፊያ አፏን አፉ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ሰጠችው፤ ከዚያም ሁለተኛውን ነፋችበት።

አርሊስን አሳለው፣ ዓይኑን ገለጠ፣ መጀመሪያ ያየውም የወረዳውን ሞት መርማሪ ሆነ።

«ሞቻለሁ እንዴ?» አለ።

«ገና አልመዘገብኩህም» አለችው፤ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አለቀሰች። አምቡላንሱ እስኪመጣ እየሳቀችም እያለቀሰችም እጁን ይዛ ተቀመጠች።

ስትመለስ ኦሌታ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«አርሊስስ?»

«ይሳደባል።»

ኦሌታ ዓይኗን ጨፈነች። «እንግዲያው የኔን ጻፊው። ኮልቢ ሬይ ፉጌት በይ። ስሙን እንዳታሳጥሪው።»

ዴልፊያ ቆማ ጻፈችው፤ ከዚያ ወደ ጤና ቢሮ ደወለች። ማርከሻው ሳይመሽ በየበሩ ታደለ።

በቀብሩ ቀን ሰባኪው «በድንገተኛ ሕመም» ሲል ኦሌታ ከፊት ወንበር አረመችው። «በፈንታኒል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። የሬሳ ሣጥኑ ሊነሣ ሲል ባልዲ ውኃ እንኳ የማያነሣው አርሊስ ሰው ገፍቶ የፊተኛውን እጀታ ያዘ።

«ወገብህስ?» አለችው ዴልፊያ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ» አላት።

ኦሌታ አየችው። ጉንጩን በመዳፏ ነካ አደረገችና ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረች።

«ከፍ አድርጋችሁ ያዙት» አለች።

ከፍ አድርገው ያዙት።