የብርቱካን ስልክ ዋይፋይ ሲያገኝ

ባለቤቴ ብርቱካን ዘንድሮ ሞተች። ልጃችን ገና አፏን አልፈታችም፤ ስታድግ የእናቷን መልክ ከስልኳ አውጥቼ አሳያታለሁ ብዬ ነበር። ስልኩ ግን ባትሪው አብጦ በየጊዜው ይጠፋ ጀመር።

«ሳይሞት ፎቶዎቹ ክላውድ ላይ፣ የኢንተርኔት ማከማቻው ላይ ይጫኑ» አለኝ ያሳየሁት ስልክ ጠጋኝ። «ሩቅ አገር፣ በተለያየ ቦታ ቅጂ ይቀመጣል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።»

ለካ ብርቱካን ራሷ ስልኩን እንዲጭን አዝዛው ነበር። ካርድ እንዳይበላባት ግን «ዋይፋይ ሲገኝ ብቻ» ስላለችው ፎቶው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከጉንደ ወይን ደብረ ማርቆስ ሄድኩና ዋይፋይ ያለው ካፌ ተቀመጥኩ።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ማለፍ ጀመሩ። አፌን ከፍቼ የተኛሁበት። ልጅቷን አዝዬ የጨፈርኩበት። እንደገና አፌን ከፍቼ የተኛሁበት። ብርቱካን አንዱም ላይ የለችም፤ አንሺዋ እሷ ነበረች።

አስተናጋጇ ሌላ ሻይ ስታስቀምጥልኝ ፎቶዎቹን አየች። «ወንድሜ፣ ራስህን እንዲህ ትወዳለህ?»

«ሚስቴ ናት ያነሳችኝ።»

«አንተስ እሷን አንድ ቀን አታነሳትም? ወይ ወንዶች!»



ከባድ ስለሆነ ወደ ኋላ የቀረ አንድ ቪዲዮ ነበር። ተራው ሲደርስ ከፈትኩት። እንደ ወፍጮ አንኮራፋለሁ። የካፌው ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ከካሜራው ጀርባ ብርቱካን ሳቋን ልታፍነው ሞክራ አቃታትና ፈነዳች።

ተጭኖ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨምሬ ማንኮራፋቴን ለካፌው ሁሉ ደግሜ አሰማሁ።