የቅዳሜ ዳጉ

አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አልወድም። ከቆቦ ሰው ሁሉ ለዚህ ሥራ የማልሆነው እኔ ነበርኩ፤ ሥራው ቁጭ ብሎ ማየት ነውና። አባት ከልጁ ጋር ሲገናኝ አጠገባቸው መቀመጥ፣ ደህና ከሆኑ ዝም ማለት፣ ከተበላሸ ማስቆም። በቃ ይኸው ነው።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር አንድ አፀደ ሕፃናት ረዳት ሆኜ ገባሁ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ እኛ ጋ ትማር ነበር። እናቷ እዚሁ ቆቦ ሻይ ቤት አላት። አባቷ ፍየል ነጋዴ ነው፤ አፋር ወርዶ ይገዛል፣ ጎብዬ ወጥቶ ይሸጣል። ከተፋቱ በኋላ አንድ ቀን ልጅቷን ከእኛው በር ላይ ወስዶ፣ ለማንም ሳይናገር ሮቢት ያለችው እናቱ ቤት አሳደራት። እናትየው በየቤቱ እየዞረች ስታለቅስ አብሬያት ዞሬያለሁ። ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤቱ ሰው ባለበት ብቻ እንዲያያት ወሰነ። የሚያደራድሯቸው ሽማግሌዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ የሚሆነውን ግቢያችንን መረጡ። ርዕሰ መምህሯ ደግሞ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

አባትየው የሕፃናት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል። ልጅቷ ራቅ ብላ የላስቲክ ኩባያ ትደረድራለች። ይጠይቃታል። ምን በላሽ፣ ማን አመጣሽ፣ ቤት ማን ይመጣል፣ እናትሽ ስለኔ ምን ትላለች። ስለ እናቷ መጠየቅ ክልክል ስለሆነ አስቆመዋለሁ። እሺ እህቴ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ በሌላ በኩል ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ልጅቷ ለአንዱም አትመልስም። ያመጣላትን ብስኩት ተቀብላ ለኔ ትሰጠኛለች። እኔም እበላዋለሁ፤ ምን ላድርግ።

በዚህ ዓይነት ሳምንታት ሄዱ። እናትየው፣ ልጄ እሱ ፊት ዱዳ ትሆናለች፣ ለምን ትሰቃይብኛለች፣ ይቁም አለች። ሽማግሌዎቹ ከረመዳን በፊት ተቀምጠው ሊወስኑ ቀጠሩ። አባትየውም ሰምቷል። ልጅቷ እንዲህ ዝም እንዳለች ከቀጠለች የቅዳሜው ነገር እንደሚያበቃለት ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ ልጅቷን ጨምሮ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥያቄውን ጨምሮ መጣ። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ወንድሜ፣ አፋር ስትወርድ መንገድ ላይ ያገኘኸውን ሰው እንዲህ ነው የምታደርገው? ምን በላህ፣ ማን ቤትህ ይመጣል እያልክ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። «እንዲህማ ባደርግ ፍየል ቀርቶ ውሃ አይሰጡኝም።»

ታዲያ እንዴት ነው አልኩት። «ዳጉ ነዋ» አለ። ስሙን እንጂ ነገሩን አላውቀውም ነበር፤ አስረዳኝ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ይቀመጣሉ። አንደኛው በመንገዱ ያየውን የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ የታመመውን ሰው፣ የጠፋውን ግመል። ሌላኛው አያቋርጥም። ያኛው ሲጨርስ ተራው የእሱ ነው። ዳጉ ላይ የዋሸን ሰው ደግሞ ሁለተኛ የሚሰማው የለም።

«እንግዲያው ለሷም እንዲሁ አድርግላት» አልኩት። «መጠየቁን ተወውና ያንተን ንገራት።»

የምቀልድ መስሎት ትንሽ አየኝ። ከዚያ ከወንበሯ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና ጀመረ። ማሽላው ላይ ግሪሳ ወርዶ አያቷ ቆርቆሮ ስትደበድብ መዋሏን፣ ያባረረቻቸው ወፎች የጎረቤት ማሳ ላይ ሰፍረው ጎረቤቷ እንደተቀየማት፣ በረሃ ላይ ጭቃ የያዘውን የግመል ግልገል ስንት ሰው ሆነው እንደጎተቱት ነገራት። የልጅቷ እጅ ኩባያው ላይ ቆመ።

«ነጯስ?» አለች።

ነጯ እሱ ቤት የቀረች ፍየሏ ናት። እሱ ዱላውን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ምን ልበለው?

«ሸጥኳት» አላት። «ከእናትሽ ጋር የተጣላን ጊዜ ተናድጄ ሸጥኳት። ያንቺ ነበረች፤ አልጠየቅኩሽም።»

አለቀልን አልኩ በሆዴ። ልጅቷ ኩባያዋን አስቀምጣ ዞረች።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና የሷን ጀመረች። ጥርሷ መውለቁን፣ ድመታችን መደርደሪያ ሥር መውለዷን፣ እርሳሷን የወሰደባትን ልጅ መንከሷን ነገረችው። እኔ እስከዚያ ቀን ነካሿን ስፈልግ ነበር። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አደረገች።

«አያቴ ቤት የወሰድከኝ ቀን እማዬ ልጄ ጠፋች ብላ አለቀሰች። እኔ ግን አልጠፋሁም። ለምን አልነገርካትም?»

አፉን ከፈተ። ተራው ገና መሆኑ ትዝ ሲለው ዘጋው። እስክትጨርስ ሰማ፤ ሲሰማ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ቀን ያየሁትን እንድናገር ጠሩኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባትና እናትየው ከዚህ በፊት አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየገባ ነበር ቀኑ የሚመሸው። ትልቁ ሽማግሌ፣ ዛሬማ ልጃችሁ እንዳስተማረቻችሁ ነው የምትነጋገሩት አሉ። እናትየው ቀደመች። ብዙ ተናገረች። እሱ በዱላው መሬቱን ሲቆፍር ቆይቶ ተራው ሲደርስ፣ ልጅቷን መውሰዱም ፍየሏን መሸጡም ጥፋት መሆኑን በራሱ አፍ ተናገረ። አልታረቁም፤ እርቅ የጠበቀ ካለ እኔ አይደለሁም። እሷ ግን ይቁም ያለችውን ተወችው።

«ሁለተኛ ከበር አይውሰዳት» አለች። «ሲፈልጋት ለኔ ይንገረኝ።»

«ኢንሻአላህ እነግርሻለሁ።»

«ኢንሻአላህህን ተወውና ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እሷም ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችን ከግቢ ወጥተን እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግራችን እንሄዳለን፤ ለኔም ተሻለኝ። ባለፈው ቅዳሜ አባትየው እየሮጠ ደረሰና በጆሮዬ ነገረኝ። ነጯን የገዛት ገበሬ ጎብዬ አጠገብ ተገኝቷል። ወልዳለች። ሰውየው እሷን አልመልስም ቢልም ግልገሏን ሊሰጠው ተስማምቷል። ሊነግራት ቸኩሎ ላቡን እንኳ አልጠረገም።

ልጅቷ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«አባ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምጀምረው። ቁጭ በል።»

እኔን አየኝ፤ ትከሻዬን ሰበቅኩ። በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ የግልገሏን ወሬ አፉ ውስጥ ይዞ ተራውን ጠበቀ።