የቀኙ መቆለፊያ

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ እንዴት ነህ ሲሉት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። ውሸቱን አልነበረም፤ ከሰውነቱ የሚያመው ቦታ ጠፍቶበታል። ሲያቀርቡለት ይበላል፣ ሲነጋ እቃ ሊያመላልስ ይወጣል። ጎረቤቱ ዝግታ ይለዋል፤ መኪና ሲነዳም ሲናገርም አይቸኩልም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴት ልጁን ምጥ ያዛት። ታላቅ እህቱ ከኋላ ወንበር ላይ አቅፋት ተቀመጠች፤ እሱም አሮጌ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ጤና ጣቢያው ጉዞ ጀመረ። ሲያካፋ ስለዋለ ዳገቱ ላይ ጎማው ጭቃውን ይፈጨው ጀመር።

የዚህች መኪና አራቱም ጎማ እንዲስብ ወርዶ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ መሀል ላይ ያለውን መቆለፊያ በእጅ ማዞር፣ ከዚያ ተመልሶ ትንሿን ካምቢዮ መጎተት ያስፈልጋል። ወረደ፣ ቆለፈ፣ ገብቶ ጎተተ። የኋላዎቹ ብቻ ዞሩ፤ መኪናዋም ይባስ ብላ ወደ ቦዩ ተንሸራተተች።

እህቱ ትዕግሥቷ አለቀ። «አንተ ዝግታ፣ ልጅቷ እኮ እዚሁ ልትገላገል ነው። ወይስ አንተ ልታዋልዳት ነው?»

እንደገና ወርዶ የግራውን መቆለፊያ ነካካ፤ ጥርቅም ብሏል። ተመልሶ ቢሞክርም ያው ነው። የውስጥ ብረቷ ተሰብሯል አለ። ሰው ጠርቶ በሸክም ለመውሰድ መንደሩ ሩቅ መሆኑንም ነገራቸው፤ ድምፁ ስለ ሌላ ሰው ልጅ የሚያወራ ይመስል ነበር።

ምጡ ፋታ ሲሰጣት ልጁ ቀና አለች።

«አባባ፣ የቀኙን ማን ቆለፈው?»

ከተጋቡ ጀምሮ መኪናዋ ጭቃ ላይ በቆመች ቁጥር እሱ በግራ በር፣ ሚስቱ በቀኝ በር ይወርዱ ነበር። የግራው የእሱ፣ የቀኙ የእሷ ነው። እንዲህ እናድርግ ተባብለው አያውቁም። ዛሬም ወርዶ የራሱን ድርሻ ጨርሶ ተመልሷል።

በመኪናዋ ፊት ዞሮ ሄደ። የቀኙን መቆለፊያ ጭቃ ለስኖታል። በመዳፉ ጠረገውና ለማዞር ሞከረ፤ እንቢ አለው። በሁለት እጁ ጨብጦ «አምላኬ፣ አንተ አዙረው» አለና ታገለው። ሸርተት ብሎ ዞረ። ካምቢዮዋን ሲጎትት የፊት ጎማዎቹ ጭቃውን ነክሰው መኪናዋ ዳገቱን ወጣች።

እህቱ ከጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል በጨርቅ የተጠቀለለች ሕፃን ይዛ ስትወጣ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ አገኘችው። እጁን ወደ ኋላ ደበቀ።

«ጭቃ ነኝ» አላት።

«እሷስ መቼ ታጠበች? ያዝ።»

ተቀበላት። ቆይታ እህቱ አምጣ ብትለው ግን አልሰጣትም።