የውርስ ሄልሜት

በዐረብ አገር፣ በአል ዐይን ከተማ፣ ሰናይያ በሚባለው የጋራዥ ሰፈር፣ ከጎማ ቤቶቹ ጀርባ፣ ዑስማን የሚባል ሞተር ጠጋኝ አለ። የወረባቦ ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉም ከእጁ አያንስም። በየዓርቡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰባ ምናምን ያገራችን ልጅ፣ ለካምፓኒ ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ ሁሉ፣ ጋራዡ በር ላይ የሚሰበሰበው ይህንኑ አፉን ለመስማት ነው። ሲጀመር አራት ነበሩ። አራተኛውም ቢሆን ምክር ፈልጎ ሳይሆን ሰንሰለት ተበጥሶበት ነው የመጣው።

ዛሬ ከአቡ ዳቢ፣ ከሳዲያት ደሴት ሳይቀር መኪና ተጋርተው ይመጣሉ። ዑስማን ያለቀ ጎማ እንዴት እንደሚለይ፣ አደባባይ ላይ የተበተነ አሸዋ ምን እንደሚሠራ፣ ከከባድ መኪና ጎን ለምን እንደማይቆም ያስተምራቸዋል። ስለ አንድ ነገር ብቻ ትንፍሽ አይልም ነበር፤ ስለ ሄልሜት።

ልጆቻችን አንድ ልማድ አላቸው። ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ሄልሜቱን ለአዲስ መጪ ያወርሳል። ባለቤቱ ወድቆ በሰላም የተነሣ ከሆነማ ሄልሜቱ ገደኛ ነው ይባላል፤ ተመርቆና ዱአ ተደርጎበት ይሰጣል። ካምፓኒው ያደለው አዲሱ ሄልሜት አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል። ምን ይደረግ፤ ሰው ኤርፖርት ላይ ሻንጣውን ሲፈትሹበት እምነቱን አይፈትሹበትም።

ዑስማንም ዱሮ ሞተረኛ ነበር። አል ሙዋይጂ ሰፈር አጠገብ ፒክአፕ ገጭቶት በጭንቅላቱ አስፋልት መታና፣ ልብሱን አራግፎ ተነሣ። ጉድ ተባለ! ሞተር መንዳቱን ሲተው ያን ገደኛ ሄልሜት ሐምዛ ለሚባል ያገሩ ልጅ መርቆ ሰጠው። ሐምዛ በአምስተኛው ወር ወደቀ። ሄልሜቱ እንደ ቅል ለሁለት ተከፈለ። ልጁ ተረፈ፤ ንግግሩ ግን ግማሹ ጠፋበት። እህቱን ሰቢሃን እስከ ዛሬ በእናታቸው ስም ይጠራታል።

ከወራት በኋላ ዑስማን አንድ የተመታ ሄልሜት ፈታና ነገሩ ገባው። ውስጡ ያለው ነጩ ፎም አንዴ ከተሰበረ አለቀለት፤ ሁለተኛ ምት አይችልም። ያን ቀን ምግብ አልበላም። የዓርቡን ስብሰባ የጀመረው በዚህ ጸጸት ነው። ለሰው ሲያወራ ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነና፣ የሐምዛን ጉዳት መንገድ ላይ በተበተነው አሸዋ አሳበበ።

ሰቢሃ አል ሙዋይጂ ውስጥ በአንድ ቤት ትሠራለች። ባገኘችው ቁጥር፣ «ወንድሜ ዑስማን፣ ያንተ ሄልሜት ባይኖር ሐምዛን አፈር በልቶት ነበር። አላህ ይጨምርልህ» ትለዋለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ «አሚን» ይላል።

አንድ ዓርብ ጀፋር የሚባል ሞተረኛ ሊሰናበት መጣ። በረመዳን ወድቆ ምንም ሳይሆን ተነሥቷል። ሄልሜቱን ፈሪድ ለሚባል አዲስ ገቢ ሊያወርስ ነው። ሰቢሃም ከማዳሟ ፈቃድ ወስዳ መጥታ ነበርና እንድትመርቅ ለመኗት። ሄልሜቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«እንደ ዑስማን ሄልሜት ያድርግልህ» አለችው ፈሪድን። ሰዉ ሁሉ «አሚን!» አለ።

ዑስማን ግን «አሚን» ማለት አቃተው።

«ቆይ፣ ቆይ!» ብሎ ሄልሜቱን ከእጇ ወሰደ። ጨርቁን በመፍቻ ነቅሎ ውስጡን ለሁሉም አሳየ። ፎሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። «የእኔም እንዲህ ነበር» አለ። «ለሐምዛ የሰጠሁት የተሰበረ ነው። ስሰጠው አላወቅሁም፤ አላህ ምስክሬ ነው።»

ሰቢሃ ወደ እሱ ዞረች። «መቼ አወቅህ?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሳመሰግንህ ዝም ብለህ ሰማኸኝ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሄደች። ዑስማን በሰባ ሰው ፊት ጎማ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ፈሪድ የካምፓኒውን ሄልሜት ሊያመጣ ወደ ክፍሉ ሮጠ፤ የተከተሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሌሎቹ የውርስ ሄልሜታቸውን በብብታቸው ይዘው ተበተኑ።

ሁለት ዓርብ ሰቢሃ አልመጣችም። በሦስተኛው መጣች፤ ሰላምታም አልሰጠችውም። ዑስማን አዲስ ገቢዎችን እንደ ወትሮው ስለ ጎማ ሊያስተምር አፉን ሲከፍት አቋረጠችው።

«ጎማውን ተወው» አለችው። «መጀመሪያ የሐምዛን ንገራቸው። ምንም ሳታስቀር።»

አንድ በአንድ ነገራቸው። እሷ እስኪጨርስ ቆማ ሰማችው፤ ከዚያም የአዲሶቹን ሄልሜት ከየእጃቸው እየተቀበለች ጨርቁን ገልጣ ውስጡን አየች። ከዚያ ወዲህ ዑስማን በየዓርቡ ከሐምዛ ይጀምራል። ሰቢሃ ይቅር ብዬሃለሁ ብላው አታውቅም። ግን አንድም ዓርብ አልቀረችም።