ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ የሄዱ ቀን

ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ፣ ፍቅረኛዬ መኪናው ውስጥ በጥፊ መታኝ። «ይሄን ቀሚስ ለማን ነው የለበስሽው?» አለኝ፤ «ለራሴ» አልኩት። በቃ፣ ይሄው ነው። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር በሩን ከፍቼ ወረድኩና በቸርችል ሽቅብ ወደ ፒያሳ በእግሬ ወጣሁ። የሚገርመው አላለቀስኩም። መንገዱን ሙሉ «ምን ብዬ ነው ያናደድኩት?» እያልኩ ነበር።

ሁለት ዓመት እንደዚያ ነበርኩ። ሰው ፊት ሙድ ይይዝብኛል፤ ብቻችንን ስንሆን ደግሞ «ከእኔ ሌላ ማን ይችልሻል?» ይለኛል። እኔ ሥላሴ ሄጄ «ጌታ ሆይ፣ ቀይረኝ» እላለሁ። እሱን ቀይረው ብዬ አላውቅም። እሱማ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነው፤ ይጾማል፣ ያስቀድሳል። እንዲህ ያለ ሰው ከናቀኝ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ላከ።

እናቴ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ግቢያችን ለልማት ሊፈርስ ነው። አባቴ የሞተው እዚያ፣ እኔ ያደግኩት እዚያ። ሳይፈርስ ድንኳን ጥላ ከዚያ ግቢ ልትድረኝ ነው ምኞቷ። ሽማግሌዎቹን «እንመካከርበት» ብላ ለእሁድ ቀጠረቻቸው። የተመካከረችው ከአጎቴ ጋር ነው።

ቅዳሜ ነገርኳት።

«መታሽ? አንዴ ነው?»

«ስንቴ መሆን ነበረበት፣ እማዬ?»

«አፍሽን ሰብስቢ!» አለችና የንስሐ አባታችንን አስጠራች።

አባ መጥተው፣ መስቀል አሳልመውኝ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ይቅር ማለት አቃተሽ?»

«አባ፣ ይቅር ካልኩት የግድ ማግባት አለብኝ?»

ዝም አሉ። እናቴ አላስቻላትም። «ይንገሯት እንጂ አባ! ትዳር ትዕግሥት ነው ይበሏት!»

«ትዕግሥትስ… ጥሩ ነው» አሉ። ጸሎት አድርሰው ሄዱ። እስከ ዛሬ የምናደድባቸው በዚያች ዝምታ ነው። ጥያቄዬ እኮ ከባድ አልነበረም።

እሁድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። በደንቡ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። በደንቡ እኔ ጓዳ ነኝ፤ መልስ የሚሰጠው አጎቴ ነው። አንደኛው ሽማግሌ «ቤቱ ሳይፈርስ የእኛ ጉልበት ሊፈርስ ነው፤ ኧረ አስቀምጡን!» አሉ፤ ሁሉም ሳቁ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ» ካለ አለቀ። የእሱን ቃል ካጠፍኩ በኋላ እናቴ በሰው ፊት ቀና ብላ አትሄድም። ከጓዳ ወጣሁ።

«ይቅርታ አባቶች። ልጁ መቶኛል። አላገባውም።»

«አንቺ!» አለ አጎቴ።

ቀልደኛው ሽማግሌ «ይሄን አልነገረንም» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን አጠገባቸው ለቆሙት። ትልቁ «እንግዲህ የፈጣሪ ፈቃድ ይሁን» ብለው ቀድመው ወጡ።

እናቴ ወንበሮቹን ማነሳሳት ጀመረች። ላግዛት ስል «ተይው» አለችኝ።

ግቢው ፈረሰ። አሁን ኮንዶሚኒየም ነን። እናቴ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት ታወራኛለች፤ «ልጄ» ግን አትለኝም። ጓደኞቼ «ጀግና ነሽ» ሲሉኝ ይደብረኛል። የምን ጀግና! ሰው እጁን ድንገት ካነሳ ዛሬም ፊቴን እሸፍናለሁ። ልጁንም ገና ይቅር አላልኩትም፤ ለእግዚአብሔርም ይሄንኑ ነው የምነግረው። «ቀይረኝ» ማለቱን ግን ትቻለሁ። «ይሄን ፊት የሠራኸው አንተ ነህ» እለዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከልቤ ነው።

ባለፈው እሁድ ሥላሴ ቆሜ ሳለሁ እናቴ መጣች። አየችኝ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ ከዓምዱ ወዲያ ሄዳ ቆመች።